ንግሥት ያስጠበቀችው የቴኒስ ንግሥት

የዛሬ እግር ኳስ ተጨዋች በየሳምንቱ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙም አያስገርመንም። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ግን አንዲት ተጨዋች በሙያዋ ገንዘብ በመቀበሏ ብቻ የታላላቅ ውድድሮች በር ተዘግቶባታል። ፈረንሳዊቷ ሱዛን ሌንግለን!

ሱዛን የተወለደችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ፓሪስ ውስጥ ነው። በልጅነቷ በሽታ የሚያጠቃት ደካማ ልጅ ነበረች። አባቷ ሻርል ሌንግለን ሰውነቷ ይጠንክር ብሎ በ1910 ራኬት ገዛላት። ልጅቷ ጨዋታውን ስትወደው አባትየው አሰልጣኝ ሆኖ ቁጭ አለ። የወንዶቹን አጨዋወት እያጠና አስተማራት። ሜዳው ላይ መሐረብ አንጥፎ ኳሷን እዚያ ላይ እንድታሳርፍ ያደርጋታል። ስታገባ መሐረቡን ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ስትስት ቁጣ ነው።

ልፋቱ ከንቱ አልቀረም። በ1914፣ ገና 15 ዓመት እንደሞላት፣ ሴን ክሉ በተካሄደው የዓለም የሸክላ ሜዳ ሻምፒዮና አሸነፈች። ምን ዋጋ አለው፣ ወዲያው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳና ውድድር ቆመ።

ሰላም ሲወርድ በ1919 ዊምብልደን ደረሰች። በፍጻሜው የገጠመቻት የ7 ጊዜ ሻምፒዮኗ እንግሊዛዊት ዶሮቲያ ላምበርት ቻምበርስ ናት። ንጉሥ ጆርጅ 5ኛና ንግሥት ሜሪ ተቀምጠው እያዩ ቻምበርስ ሁለት ጊዜ ለድል አንዲት ነጥብ ብቻ ቀርቷት ነበር። ሱዛን ሁለቱንም አክሽፋ 10ለ8፣ 4ለ6፣ 9ለ7 አሸነፈች። ሴቶች ወገብ በሚያስር ኮርሴትና በረጅም ቀሚስ በሚጫወቱበት ዘመን፣ አጭር እጅጌ ባለው ቀለል ያለ ቀሚስ እንደ ዳንሰኛ እየዘለለች ስትጫወት ሕዝቡ ጉድ አለ። ስትደክም ደግሞ አባቷ ከተመልካች መሀል በኮኛክ የራሰ ስኳር ይወረውርላታል።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት? በ1920 አንትወርፕ ኦሊምፒክ በነጠላ ወርቅ ስትወስድ በጠቅላላው የተነጠቀችው 4 ጌም ብቻ ነው። ከማክስ ዴኩጂ ጋር በድብልቅ ሌላ ወርቅ ጨመረች። ዊምብልደንን በነጠላ 6 ጊዜ፣ የፈረንሳይን ሻምፒዮና እንዲሁ 6 ጊዜ በላች።

ከጦርነቱ በኋላ በነጠላ የተሸነፈችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ1921 አሜሪካ ሄዳ ከሞላ ማሎሪ ጋር ስትጫወት ታመመችና አቋርጣ ወጣች። አስመስላ ነው ተብላ ክፉኛ ተተቸች። መልሱን የሰጠችው በዓመቱ ዊምብልደን ላይ ነው፤ ማሎሪን በ26 ደቂቃ 6ለ2፣ 6ለ0 ሸኘቻት።

በየካቲት 1926 ካን ከተማ ውስጥ ከ20 ዓመቷ አሜሪካዊት ሔለን ዊልስ ጋር ተፋጠጡ። ቦታ ያጣው ሕዝብ ዛፍና ጣሪያ ላይ ወጣ። ሱዛን ልታሸንፍ አንድ ነጥብ ሲቀራት የዊልስ ኳስ ወጥቷል የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሁለቱ ተጨባበጡ፣ ሕዝቡም ሜዳውን ሞላው። የመስመር ዳኛው ግን ድምፁ የተመልካች እንደሆነ፣ ኳሷም ውስጥ እንደነበረች ተናገረ። ጨዋታው ቀጠለና ሱዛን 6ለ3፣ 8ለ6 ጨረሰችው።

በዚያው ዓመት ዊምብልደን ላይ ጉድ ፈላ። በፕሮግራም አለመግባባት ሱዛን ሳትደርስ ንግሥት ሜሪ ቁጭ ብለው ጠበቋት። ንግሥት የናቀች ተብላ የትናንት አድናቂዎቿ ፊት ነሷት፤ ውድድሩን ትታ ወጣች።

ወዲያው 50 ሺህ ዶላር ተከፍሏት ለአሜሪካዊው ሲ.ሲ. ፓይል ፈረመች። አዘጋጆች የትኬት ገንዘብ እያፈሱ፣ ሕዝቡን የሚስበው ተጨዋች ባዶ እጁን መቅረቱ አይዋጥላትም ነበር። በአሜሪካ ከሜሪ ብራውን ጋር 38 ጊዜ ተጫውታ 38ቱንም አሸነፈች። ቅጣቱ ግን ከባድ ነበር፤ ዊምብልደን የክብር አባልነቷን ነጠቃት፣ ታላላቆቹ ውድድሮችም ለአማተሮች ብቻ ስለነበሩ ተመልሳ አልተጫወተችባቸውም።

ኋላ ፓሪስ ውስጥ የቴኒስ ትምህርት ቤት ከፍታ ታዳጊዎችን አስተማረች። ሐምሌ 4 ቀን 1938 በከባድ የደም ማነስ በሽታ ስትሞት 39 ዓመቷ ነበር። ታላላቆቹ ውድድሮች ለባለሙያዎች የተከፈቱት በ1968፣ እሷ ካለፈች ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የሮላንድ ጋሮስ ሁለተኛው ትልቅ ሜዳ በስሟ ይጠራል። የሴቶች ሻምፒዮን የምታነሳው ዋንጫም የሱዛን ሌንግለን ዋንጫ ነው፤ አሸናፊዋ ከዋንጫው ጋር ሚሊዮኖችን ይዛ ትሄዳለች።