በደጃችን ያለፈው ልዑል

የዓፄ ቴዎድሮስን መጨረሻ የማያውቅ ተማሪ የለም። የልጃቸው የዓለማየሁ ነገር ግን በእኛ በሰቆጣ ልጆች ዘንድ እንኳ እምብዛም አይነሣም። ይህ ለዋግ ሰው አይገባም፤ ምክንያቱን እንናገራለን።

ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወለደ። (ለደጃዝማች አንቱ ማለት ይገባን ነበር፤ የምንናገረው ግን ስለ ሕፃን ነውና ይቅርታ ይደረግልን።) እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ገደሉ፤ የጦሩ አዛዥ ናፒየርም እናትና ልጅን ይዞ ወደ ባሕር ተመለሰ።

ያ መንገድ የእኛ መንገድ ነው። ጦሩ ሲመጣም ሲመለስም ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ያለውን ደጋ አቋርጦ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል አለፈ። በዚያን ጊዜ የአገሩ ጌታ ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ። አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ቴዎድሮስ ስላስገደሏቸው፣ ጎበዜ እንግሊዞችን አሳለፉ እንጂ አልተዋጉም። ቂማቸውን እንረዳለን፤ የአባት ደም ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ለዓለማየሁ ስናዝን እንግሊዝን ብቻ መክሰስ ለእኛ አያምርብንም። በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በትግሬው በካሣ ድል ሆኑ፤ ይህ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

እቴጌይቱ ትግራይ እንደ ደረሱ በግንቦት 1860 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ዐረፉና በጨለቆት ተቀበሩ። የሰባት ዓመቱ ልጅ አማርኛ ከሚያውቀው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ባሕር ተሻገረ። ንግሥት ቪክቶሪያ ወደዱት። በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት የተነሣውን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ዓይኖቹን አይረሳም። ከስፒዲ ጋር እጅግ ተላምዶ ሳለ መንግሥት ለትምህርት ሲል ለያቸው። ቼልተንሃም፣ ራግቢ፣ ከዚያም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻም ሊድስ ከተማ በአስተማሪው ዘንድ ሳለ በሳንባ ሕመም ታሞ በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሞተ። ዕድሜው ዐሥራ ስምንት ነበር።

ንግሥቲቱ በዊንድዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት አጠገብ አስቀበሩት፤ በውስጡም የናስ መታሰቢያ አኖሩለት። በ1999 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዐፅሙ እንዲመለስ ጠየቁ። በ2015 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ በአጠገቡ ያረፉትን ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል መልስ ሰጠ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የስፒዲ ቤተ ዘመዶች ዘንድ የቆየ አንድ የፀጉሩ ዘለላ ለኢትዮጵያ ተሰጠ።