የኡሙ አይመን የልጅ ልጅ



በዚህ ሳምንት ከእናንተ አንዱ ኢንቦክስ ላይ ጻፈልኝ። አያቱ ከሞተች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ስለ እሷ ሊጽፍ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል፤ ደግ ነበረች ብሎ ይጀምርና ቀጣዩ ይጠፋበታል። ያሳደገችኝ ሴት እንዴት በአንድ ቃል ታልቅብኛለች ብሎ ተጨንቋል። መልሱን ላቆየውና ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ። እሱም ማንበቡ አይቀርም።

ስሟ በረካ ነው። እናንተ የምታውቋት ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) በሚለው መጠሪያዋ ነው። ሐበሻ ናት። በባርነት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አባት በዐብዱላህ ቤት ነበረች፤ ዐብዱላህ ልጁን ሳያይ ሲሞት በውርስ ለልጁ አለፈች። ስለ ነቢዩ ልጅነት ስናወራ ብዙውን ጊዜ ስሟን ጠርተን እናልፋለን። እኔ ግን ዛሬ አብዋእ ላይ ትንሽ እንድትቆዩ እፈልጋለሁ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የ6 ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው አሚና ዘመድ ልትጠይቅ ወደ የሥሪብ፣ ኋላ መዲና ወደተባለችው ከተማ ይዛቸው ሄደች። በረካም አብራ ነበረች። ሲመለሱ አሚና መንገድ ላይ ታመመችና በመካና በመዲና መካከል ባለችው አብዋእ ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች። እስቲ አስቡት። በረሃው መሐል አንድ አዲስ መቃብር፣ አባቱን ቀድሞ ያጣ ሕፃን፣ አንዲት ወጣት ባሪያ። የሚቀረው የብዙ ቀን መንገድ ነው። ልጁን ይዛ መካ ገባችና ለአያቱ ለዐብዱልሙጦሊብ አስረከበች። ከዚያም አያትየው ሲሞቱ፣ አጎት አቡ ጧሊብ ሲያሳድጓቸው፣ እሷ አልራቀችም። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነቢዩ የእናታቸውን መቃብር ዘይረው ሲያለቅሱ፣ አብረዋቸው የነበሩትም ሲያለቅሱ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ያ መቃብር ሲቆፈር ያየች ሴት በመዲና በሕይወት ነበረች፤ ነቢዩ ቤቷ እየሄዱ ይጠይቋት ነበር። ከእናታቸው ቀጥላ እናታቸው እሷ መሆኗንም ይናገሩ ነበር።

ኸዲጃን (ረ.ዐ) ባገቡ ጊዜ ነፃ አወጧት። መጀመሪያ የየሥሪብ ሰው አግብታ አይመንን ወለደች፤ ኋላም ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣን አግብታ ኡሳማን ወለደች።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ሶሓቦች ይህችን ሴት ሲያስታውሱ አለስልሰው አላቀረቧትም። አነስ (ረ.ዐ) ያየውን ይነግረናል፤ ነቢዩ ቤቷ ሄደው የሚጠጣ ታቀርባለች፤ ጾመኛ ይሁኑ ወይም አላሰኛቸው ይሁን፣ አልጠጡም። እሷ ተቆጣች፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታጉረመርም ጀመር። የአላህ መልእክተኛ ፊት! የእኛ አያት ምግብ አልበላም ስንላት የምትሆነው እንዲሁ አይደለም?

ሌላም አለ። ሙሃጂሮች የራሳቸው ሀብት ሲኖራቸው አንሷሮች የሰጧቸውን የተምር ዛፎች መመለስ ጀመሩ። የአነስ ቤተሰብ የሰጠው ዛፍ ግን በኡሙ አይመን እጅ ነበር። ልጁ አነስ ዛፉን ሊጠይቅ ሲመጣ አንገቱ ላይ ልብስ ጠምጥማ አልሰጥም ብላ ማለች። ነቢዩ ይህን ያህል ልስጥሽ ይሏታል፤ እምቢ። ይጨምራሉ፤ እምቢ። አሥር እጥፍ ገደማ እስኪደርስ ጨመሩላት። ይህ በቡኻሪም በሙስሊምም አለ። አስገድዷት የተናገረ ሰው የለም።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን ኢብኑ ሰዕድ የዘገቡት ነው። ኡሙ አይመን ዐረብኛው አይታዘዝላትም ነበር። ቤት ስትገባ ሰላምታውን ስታቀርብ መሐል ላይ አንዲት አሉታ ትገባና ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ሰላም አይሁንባችሁ እንደማለት። ነቢዩ ሰላም የምትለዋን ቃል ብቻ እንድትል ፈቀዱላት። አላሳፈሯትም፤ አጠር አድርገው አቀለሉላት።

እዚህ ጋር የራሴን ልናገር። አያቴ ከወሎ መጥታ ቦሌ ሚካኤል ነበር ከእኛ ጋር የምትኖረው። አውሮፕላን ጣራችንን ሊነካ ሲቃረብ ዱዓዋን አቋርጣ እስኪያልፍ ትጠብቃለች፤ ድምፁ ዱዓውን የሚሸፍንባት ይመስላት ነበር። ፋቲሓን ስትቀራ ሐን ሀ፣ ዐይንን አሊፍ ታደርጋለች። ከመድረሳ ተመርቄ በመጣሁ ዓመት፣ ረመዳን ላይ፣ ለኢፍጧር የተሰበሰበ እንግዳ ፊት አረምኳት። ተጅዊዱን ትክክል ነበርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ባለሁበት ድምፅ አውጥታ አልቀራችም። ጀናዛዋ ላይ ቆሜ የመጣልኝ ደግነቷ አልነበረም፤ ያ ዝምታዋ ነበር።

ወደ ኡሙ አይመን ልመለስ። በኡሑድ ውሃ ስታጠጣና ቁስለኛ ስታክም ነበረች። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ባሏ ዘይድ ሙእታ ላይ፣ ልጇ አይመን ሑነይን ላይ ወደቁ። ከሦስት ዓመት በኋላም ያሳደገቻቸውን ቀበረች። ነቢዩ ካረፉ በኋላ አቡበክር ዑመርን፣ እሳቸው ይጠይቋት እንደነበር እኛም ሄደን እንጠይቃት ይሉታል። ሲደርሱ አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው የተሻለ እንደሆነ ሊያጽናኗት ሞከሩ። ይህን እንደምታውቅ፣ የምታለቅሰው ከሰማይ ይወርድ የነበረው ወሕይ በመቋረጡ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሊያጽናኑ የሄዱት ሁለቱም አብረው አለቀሱ።

አንተ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደግ ነበረች የምትለዋን ለጊዜው ተዋት። ምን ያስቆጣት ነበር? አልሰጥም ያለችው ምን ነበር? የትኛውን ቃል ነበር ሁልጊዜ የምትሳሳተው? ገርጂም ትኑር ሰሚት፣ ቡና የምትጠጣው ከእነማን ጋር ነበር? እነሱ ዛሬም በሕይወት ካሉ ሄደህ ጠይቃቸው፤ ነቢዩም ኸዲጃ ከሞተች በኋላ በግ ሲያርዱ ለጓደኞቿ ይልኩ ነበር።

አንድ ታሪክ ቀርቶኛል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ሰው ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ባሉበት ገብቶ ሲሰግድ ሩኩዑንም ሱጁዱንም አላሟላም። ኢብኑ ዑመር ሶላቱን እንዲደግም ነገሩት። ሰውየው ዞሮ ሲሄድ ማን እንደሆነ አጠገባቸው ያለውን ጠየቁ። ሐጃጅ የአይመን ልጅ፣ የኡሙ አይመን የልጅ ልጅ እንደሆነ ተነገራቸው። ያኔ ኢብኑ ዑመር፣ ነቢዩ ይህን ልጅ ቢያዩት ኖሮ ይወዱት እንደነበር ተናገሩ፤ ከዚያም ነቢዩ ለእሷና ለወለደቻቸው ስለነበራቸው ፍቅር ማውራት ጀመሩ።