ራስ ኃይሉና የጎጃም ልብ

በአሜሪካ አንድ ክፍለ ግዛት ከአንዱ የፖለቲካ ፓርቲ ወደ ሌላው የሚያዘነብልበትን ዘመን አስቀድመው ለመገመት የሚደክሙ ሊቃውንት አሉ። የደቡብ ክፍሎች መቶ ዓመት ያህል የዴሞክራቶች ምሽግ ነበሩ፤ በ1956 ዓ.ም. የጥቁሮችን መብት የሚያስከብረው ሕግ ከወጣ ወዲህ ግን ቀስ በቀስ ወደ ሪፑብሊካኖች ተሻገሩ። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ፓርቲም የምርጫ ሣጥንም አልነበረም፤ ሆኖም ጎጃም ወዴት እንደሚያዘነብል መገመት ለመኳንንቱ የሞትና የሽረት ጉዳይ ነበር። በዚህ ግምት የወደቁትን የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን ታሪክ ለወጣት አንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን።

ራስ ኃይሉ በ1860 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ዘውድ ጭነውላቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተባሉት ናቸው። ንጉሡ ካረፉ በኋላ አገሩ ለጥቂት ዓመታት ተከፋፍሎ ቢቆይም ኋላ ራስ ኃይሉ ጠቅልለው ገዙት። ብልህና ገንዘብ ወዳድ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ሲኒማ ቤት እስከ መክፈት ደርሰዋል። ገንዘቡ ግን እንደ ደምበጫና እንደ ቡሬ ካሉት አገሮች ገበሬ ጎተራ የሚወጣ ስለ ነበረ ሕዝቡ በግብሩ ብዛት ተማረረ።

በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ሲያመልጡ እጃቸው አለበት ተብለው ታሰሩ፤ በምትካቸው ራስ እምሩ ተሾሙ። ጎጃም ግን ከሸዋ የመጣውንም ሹመት አልወደደም። በጦርነቱ ወራት የወንድማቸው ልጅ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ሸፈቱ። ራስ ኃይሉን ያሳሳታቸው ይህ ይመስለናል፤ አገሩ የአባታቸውን ቤት የሚናፍቅ መሰላቸው።

ስለዚህ በ1928 ዓ.ም. ለኢጣልያ ገቡ። ጎጃምም አንድ ዓመት ያህል ጸጥ ስላለ ግምታቸው የሰመረ መሰለ። ጠላት ጠመንጃ መግፈፍና ሰው መግደል ሲጀምር ግን፣ ከ1929 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ አገሩ በሙሉ ተነሣ። ከአርበኞቹ መካከል ሌላው የወንድማቸው ልጅ ልጅ ኃይሉ በለው ነበሩ። ራስ ኃይሉ ባላባቱን በትውልድ ሐረጉ ሲቆጥሩ፣ ገበሬው ርስቱንና ጠመንጃውን ይቆጥር ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ጎጃምን እንዲመልሱላቸው ወደ ደብረ ማርቆስ ላኳቸው። ስማቸው ጥቂት ሺህ ሰው ሰበሰበ እንጂ የአገሩን ልብ አልመለሰም። በየካቲት የጠላት ጦር ቡሬን ለቆ ሲሸሽ ደምበጫ አጠገብ ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ተጋጨ፤ በሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ከወደቀ በኋላ ጥሶ አለፈ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ራስ ኃይሉ እጃቸውን ሰጡ። ከዚያ ወዲያ በጥበቃ ሥር ኖረው በ1940ዎቹ መጀመሪያ አረፉ።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ ንጉሠ ነገሥቱን በ1933 ዓ.ም. የተቀበለው ያው ጎጃም ጠመንጃውን እንደገና አነሣ። መንግሥትም የጠቅላይ ግዛቱን ገዢ አዛውሮ፣ ውዝፉን ግብር ማረ።