ክሊፍ በርተን፡ 24 ዓመት ዕድሜ፣ ሦስት አልበሞች

ሄቪ ሜታል የምሰማ ሰው መሆኔን ሳወራ ብዙ ወዳጆቼ ፊታቸውን ይቋጥራሉ። ጩኸት ነው ይሉኛል። አልፈርድባቸውም፤ ከሩቅ ለሚሰማው ጩኸት ነው። ነገር ግን የሜታሊካን አልበሞች በወጡበት ቅደም ተከተል በትዕግሥት የሚያዳምጥ ሰው አራተኛው ላይ ሲደርስ አንድ ነገር መጉደሉን ማስተዋሉ አይቀርም። ጊታሩ አለ። ድራሙ አለ። ድምፃዊው አለ። ከሥር ሆኖ ሁሉንም የሚሸከመው ቤዝ ጊታር ግን የለም ማለት ይቻላል። ያ አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ክሊፍ በርተን በስዊድን አውራ ጎዳና ላይ ሕይወቱ ካለፈ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር።

ሜታሊካ እስከ 2023 ድረስ 11 የስቱዲዮ አልበሞች አውጥቷል። በርተን የተጫወተው በሦስቱ ብቻ ነው። ሆኖም የዚህ ሙዚቃ ወዳጆች በተገናኙ ቁጥር ክርክሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እነዚህ ሦስቱ ላይ ነው። ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ያለው በዚህ ወጣት አጭር ሕይወት ውስጥ ነው።

ክሊፎርድ ሊ በርተን የተወለደው ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1962 በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ብዙም በማትርቀው ካስትሮ ቫሊ ነው። እናቱ ጃን መምህርት ነበሩ፤ አባቱ ሬይ ደግሞ ክላሲካል ሙዚቃ የሚወዱ ሰው። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ፒያኖ ተማረ። በ1975፣ እሱ 13 ዓመት ሲሆነው፣ ታላቅ ወንድሙ ስኮት አንጎሉ ውስጥ በፈነዳ የደም ሥር ምክንያት በድንገት ሞተ። ክሊፍ ቤዝ ጊታርን የምር የያዘው ከዚህ በኋላ ነው። ለወንድሙ ሲል ወደር የማይገኝለት ቤዝ ተጫዋች ለመሆን መወሰኑን ወላጆቹ ከዓመታት በኋላ ተናግረዋል።

ሐዘን አንዱን ከሰው ያርቀዋል፣ ሌላውን ወደ መጠጥ ይወስደዋል። ክሊፍ በርተንን የወሰደው ወደ ልምምድ ነው። በቀን እስከ ስድስት ሰዓት ይለማመድ ነበር፤ ይህን ልማዱን ታዋቂ ከሆነም በኋላ አልተወም። ከአስተማሪዎቹ ጋር ባህን ያጠና ነበር። ከዚያው ጎን ለጎን የብላክ ሳባዙን ጊዘር በትለር፣ የረሹን ጌዲ ሊ፣ የጃዝ ሰው የሆነውን ስታንሊ ክላርክን ያዳምጣል። የገጠር ቃና ያለውን የሊነርድ ስኪነርድን ሮክም፣ ሚስፊትስ የተባለውን የፐንክ ባንድም እኩል ይወዳል። ይህ ስብስብ ለጊዜው ምንም ላይመስል ይችላል፤ ኋላ ግን ባንዱን የቀየረው ይኸው ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደጨረሰ ሙዚቃ ሥራዬ ነው ብሎ ቆረጠ። ወላጆቹ አልከለከሉትም፤ አልቆጡትምም። አራት ዓመት ሰጡት። በእነዚህ አራት ዓመታት የቤት ኪራዩንና ቀለቡን ሊሸፍኑለት፣ ካልተሳካለት ግን እንደማንኛውም ሰው ሥራ ሊፈልግ ተስማሙ። ልጅ ያሳደገ አንባቢ ይህ ስምምነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል። ከሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው አንዱን የቀበሩ ወላጆች ሌላውን ወንድ ልጅ ገቢው ላልታወቀ ሙያ መልቀቃቸው ነበር።

በ1982 በርተን ትራውማ ከሚባል ባንድ ጋር ሎስ አንጀለስ ሄዶ ዊስኪ አ ጎ ጎ በተባለው ክለብ ተጫወተ። ከታዳሚዎቹ መካከል ጄምስ ሄትፊልድና ላርስ ኡልሪክ ነበሩ። ሁለቱ ሜታሊካን ያቋቋሙት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1981 ነው። አንድ የሚያስደንቅ የጊታር ሶሎ ሰምተው ጊታሪስቱን በዓይናቸው ሲፈልጉ ድምፁ የሚወጣው ከቤዙ ሆኖ አገኙት። ሰፊ ቦላሌ ሱሪ የለበሰ ቀይ ፀጉራም ወጣት ራሱን እያወዛወዘ ነው የሚጫወተው። ወደ ባንዳቸው እንዲመጣ ደጋግመው ለመኑት። እሱም አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፤ ሎስ አንጀለስ አልመጣም፣ ከፈለጋችሁኝ እናንተ ኑ የሚል ነበር። ለአንድ ቤዝ ተጫዋች ሲባል ባንዱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ኤል ሰሪቶ ውስጥ ከተመ። በማርች 5 ቀን 1983 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዘ ስቶን በተባለው ክለብ የመጀመሪያ ኮንሰርታቸውን አብረው አቀረቡ።

የመጀመሪያው አልበም «ኪል ዘም ኦል» በጁላይ 1983 ወጣ። የተቀረጸው በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ነው። ለቀረጻው ወደ ምሥራቁ ጠረፍ በሄዱበት ጊዜ ጊታሪስቱን ዴቭ መስቴንን አሰናብተው ከርክ ሃሜትን ተኩ፤ መስቴንም ሄዶ ሜጋዴዝን አቋቋመ። ባንዱ መጀመሪያ ለአልበሙ የመረጠው ርዕስ ጸያፍ ስለነበር አከፋፋዮቹ አልቀበል አሉ። የተበሳጨው በርተን ስለ እነሱ የወረወረው የቁጣ ቃል ራሱ የአልበሙ ርዕስ ሆኖ ቀረ። ይህ አልበም የፐንክን ፍጥነት ከእንግሊዞቹ የሄቪ ሜታል ክብደት ጋር ያጋባው ትራሽ ሜታል የሚባለው ስልት መነሻ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው።

ከአሥሩ ትራኮች የበርተን ስም በደራሲነት የሰፈረው በአንዱ ብቻ ነው። ያም «አኔስቴዥያ» የተባለው የቤዝ ሶሎ ነው። ድምፁን በዋ-ዋ ፔዳልና በዲስቶርሽን እያጣመመ፣ ያለ መምቻ በጣቶቹ ብቻ የተጫወተው ነው። ለማያውቀው ሰው ሊድ ጊታር ይመስላል። የሌሎቹ ዘፈኖች ጉልበት ጥሩ ነው፤ እንደኔ ግን ገና የ20 ዓመት ልጆች ጉልበት ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሮጣል።

በሚቀጥለው ዓመት የወጣው «ራይድ ዘ ላይትኒንግ» ሌላ ባንድ የሠራው ይመስላል። የተቀረጸው የኡልሪክ የትውልድ አገር በሆነችው ዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን፣ በፍሌሚንግ ራስሙሰን ስቱዲዮ ነው። ገና ሲከፈት የሚሰማው ለስላሳ አኩስቲክ ጊታር ነው። ከስምንቱ ዘፈኖች በስድስቱ ላይ በርተን በደራሲነት ተመዝግቧል። ከአንድ ወደ ስድስት! በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ለሄትፊልድ ስለ ሃርመኒ፣ ሁለት ጊታሮች የተለያየ ዜማ ይዘው እንዴት እንደሚስማሙ አስተምሮታል፤ ሄትፊልድም ይህን ደጋግሞ መስክሯል።

የንባብ ወዳጅነቱም እዚሁ ይታያል። አንዱ ዘፈን ከሄሚንግዌይ የስፔን ጦርነት ልብ ወለድ የተነሳ ነው፤ መግቢያው ላይ የሚሰማው እንደ ጊታር የሚያለቅስ ድምፅ የበርተን ቤዝ ነው። «ክሪፒንግ ዴዝ» ደግሞ ከኦሪት ዘጸአት የተወሰደውን በግብጽ በኩሮች ላይ የወረደውን መቅሰፍት ይተርካል። አልበሙን የሚዘጋው ቃል የሌለው ረጅም ሙዚቃ ስያሜው በርተን ከሚወደው ከአስፈሪ ታሪኮች ጸሐፊው ከላቭክራፍት የመጣ ነው።

ሦስተኛው አልበም «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» በማርች 1986 ወጣ። እንደ እኔ ከሆነ የትራሽ ሜታል ቁንጮ ይኸው ነው። ሱስ ሰውን እንዴት አሻንጉሊት እንደሚያደርገው፣ ጦርነት ወታደሩን እንዴት እንደሚጥለው ይናገራል፤ ፍጥነቱን ሳይተው መቼ ዝግ ማለት እንዳለበትም ያውቃል። ከስምንት ደቂቃ በላይ የሚረዝመው «ኦራየን» አንድም ቃል የለበትም። መሐሉ ላይ ሁሉም ጸጥ ይልና ቤዙ ብቻውን ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ሌሎቹ በየተራ ይከተሉታል። ባህ ያጠና፣ ጃዝ ያዳመጠ፣ በቀን ስድስት ሰዓት የተለማመደ ልጅ የደረሰበትን ለማወቅ ይህን መስማት ይበቃል። ሬዲዮ ጣቢያዎች ብዙም ሳያሰሙት አልበሙ በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ 29ኛ ደረጃ ላይ ወጣ፤ በኖቬምበር 1986 የግማሽ ሚሊዮን ቅጂ የወርቅ ዕውቅና አገኘ። በርተን ግን ይህን አላየም።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 1986 ስቶክሆልም ላይ ተጫውተው በሌሊት በአውቶቡስ ወደ ኮፐንሃገን ጉዞ ጀመሩ። በዚያች ሌሊት በርተንና ሃሜት በአልጋ ምርጫ ካርታ መዘዙ። ዕጣው ለበርተን ወጣ፤ ሃሜት የሚተኛበትን፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ መረጠ። ሊነጋጋ ሲል ዶራርፕ በተባለች መንደር አቅራቢያ አውቶቡሱ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። በርተን በመስኮቱ ተወርውሮ ወጣ፤ አውቶቡሱም በላዩ ላይ ወደቀበት። 24 ዓመቱ ነበር። ሹፌሩ መንገዱ ላይ በረዶ እንደነበረ ተናገረ። ሄትፊልድ በውስጥ ልብሱና በካልሲ ብቻ በብርዱ ውስጥ መንገዱን እየረገጠ በረዶውን ፈለገ፤ አላገኘም። በሹፌሩ ላይ ክስ ሳይመሠረት ጉዳዩ ተዘጋ። በቀብር ሥነ ሥርዓቱ ላይ «ኦራየን» ተሰማ።

ባንዱ ሐዘን የተቀመጠው ለአጭር ጊዜ ነው። በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ጄሰን ኒውስቴድ የተባለ ወጣት ተቀጠረ፤ ኮንሰርቱም ቀጠለ። ያልተለቀሰ ሐዘን ግን መውጫ አያጣም። አዲሱ ልጅ መሳለቂያ ሆነ፤ የሚፈጸምበት ቀልድ መጠኑን ያለፈ እንደነበር የባንዱ አባላት ራሳቸው ኋላ አምነዋል። በ1988 የወጣው «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» ተከፍቶ ሲደመጥ የኒውስቴድ ቤዝ አይሰማም። ድምፁን ካመጣጠኑት ባለሙያዎች አንዱ ቤዙ እንዲቀነስ የታዘዘው ከባንዱ መሆኑን ተናግሯል። በሌላ በኩል፣ በኮንሰርት ብዛት ጆሯቸው ደክሞ እንደነበር ሄትፊልድ ገልጿል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያንን አልበም ባዳመጥኩ ቁጥር ማዕድ ላይ ባዶ የተተወ ወንበር ይታየኛል። ሌላ ሰው ተቀምጦበታል፤ ቤተሰቡ ግን ቀና ብሎ አያየውም። በዚያው አልበም ውስጥ «ቱ ሊቭ ኢዝ ቱ ዳይ» የተባለው፣ አሥር ደቂቃ የሚጠጋው ሙዚቃ የተሠራው በርተን ትቷቸው ከሄደው የዜማ ቁርጥራጮች ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የስኬት ታሪክ ነው። በ1991 የወጣው በባንዱ ስም የተሰየመው ጥቁር ሽፋን ያለው አልበም በዓለም ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ዘፈኖቹ አጠሩ፣ ቀለሉ፣ በየሬዲዮው ተሰሙ። ጥሩ አልበም ነው፤ አልክድም። «ኦራየን»ን የመሰለ ነገር ግን የለበትም። በርተን ቢኖር ኖሮ ይህ አልበም እንዲህ ይሆን ነበር ወይ የሚለው ክርክር ማለቂያ ስለሌለው አልገባበትም። ኒውስቴድ በ2001 ለቀቀ፤ ከ2003 ጀምሮ ቤዙን የያዘው ሮበርት ትሩሂዮ ነው።

ዓለምም ቀስ በቀስ የበርተንን ዋጋ አወቀ። በ2006 አደጋው በደረሰበት በዶራርፕ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመለት። በ2009 ሜታሊካ በሮክ ኤንድ ሮል የዝነኞች አዳራሽ ሲካተት በልጃቸው ፈንታ ሽልማቱን ለመቀበል መድረክ ላይ የወጡት አባቱ ሬይ በርተን ነበሩ። በ2016 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ»ን ሊጠበቁ ከሚገባቸው የአገሪቱ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አስገባ፤ ለሄቪ ሜታል የመጀመሪያው ነው። በ2019 ደግሞ ባንዱ ከሳን ፍራንሲስኮ ሲምፎኒ ጋር ባቀረበው ኮንሰርት የኦርኬስትራው ዋና ኮንትራባስ ተጫዋች ስኮት ፒንገል ብቻውን ወጥቶ «አኔስቴዥያ»ን ተጫወተ። በ1983 በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ የተቀረጸው ያ ሶሎ ክላሲካል ሙዚቃ ወደሚሠራበት ኦርኬስትራ ደረሰ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በርተን የደረሳቸው ሙዚቃዎች ገቢ ማስገኘታቸውን ስላላቆሙ ገንዘቡ ለአባቱ ይደርስ ነበር። ሬይ በርተን ይህን ገንዘብ ልጃቸው በተማረበት በካስትሮ ቫሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ለሚያጠኑ ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ድጋፍ እንዳዋሉት በ2017 ተናገሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ በ94 ዓመታቸው አረፉ።

ክሊፍ ወንድሙን ሲያጣ ልምምድ ያዘ። ባንዱ ክሊፍን ሲያጣ በአዲሱ ልጅ ላይ ተወጣው። አባትየው ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ቀብረው የሌላውን ሰው ልጅ አስተማሩ። አንድ ጊዜ ለክሊፍ የሰጡትን የአራት ዓመት ዕድል ለማያውቋቸው ልጆች ደግመው ሰጡ። ሙዚቃውን የማይወድ አንባቢም ቢሆን ይህን ይረዳል ብዬ አምናለሁ። ሊሞክረው የሚፈልግ ካለ ደግሞ ከ«ኦራየን» እንዲጀምር እመክራለሁ፤ አራተኛ ደቂቃው ላይ ሳይደርስ ግን እንዳያጠፋው።