ዶክተር ሃርቬይ ኩሺንግ፦ ስማቸው በሽታ ላይ የቀረው ሐኪም

በሕክምና ወረቀትዎ ላይ ኩሺንግ ሲንድረም የሚል ቃል አይተው ከሆነ፣ ቃሉ የአንድ ሐኪም ስም መሆኑን ይወቁ።

ሃርቬይ ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1869 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ፣ ከሐኪሞች ቤተሰብ ተወለዱ። በ1895 ከሃርቫርድ በሕክምና ተመርቀው የአንጎል ቀዶ ሕክምናን ዋና ሥራቸው አደረጉ። ከአንጎል ሥር ያለችው የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ ዕጢ በተለይ ትኩረታቸውን ሳበች። ይህች ዕጢ ታይሮይድን፣ ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎችና የመራቢያ አካላትን ታዛለች። በ1912 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ አንዲት የ23 ዓመት ሴት ጻፉ፤ ሰውነቷ ወፍሮ፣ ያልተለመደ ጸጉር በቅሎባት፣ የወር አበባዋም ቀርቶ ነበር። ምክንያቱ ግን ገና ግልጽ አልነበረም።

ፍንጩ የመጣው ከቀለም ነው። ከፒቱታሪ የተቆረጠ ስስ ቁራጭ ያለ ቀለም በማይክሮስኮፕ ቢታይ ሕዋሳቱን መለየት ያስቸግራል። ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን በሚባሉ ቀለሞች ሲነከር ግን አንዳንዶቹ ቀይ፣ አንዳንዶቹ ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ሌሎቹ ቀለሙን እምብዛም አይቀበሉም። በአይጥ ላይም እንዲሁ ነው። የአይጥ ታይሮይድ ወይም የዘር ፍሬ ሲወጣ፣ ከሰማያዊዎቹ ሕዋሳት መካከል ያብጡና መልካቸውን የሚለውጡ አሉ። ፊሊፕ ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪ ደግሞ በ1930 ፒቱታሪ የወጣላቸው አይጦች አድሬናል ዕጢ እንደሚኮሰምን አሳዩ።

በ1932 ኩሺንግ ተመሳሳይ ምልክት የነበራቸውን 12 ሕሙማን ታሪክ አንድ ላይ አወጡ። አስከሬናቸው ከተመረመረው በአንዳንዶቹ ፒቱታሪ ውስጥ ሰማያዊ ሕዋሳት የሠሩት ትንሽ እብጠት ተገኝቶ ነበር፤ የበሽታው መነሻም ይኸው ነው አሉ። ዛሬ ከእነዚህ ሕዋሳት አንዳንዶቹ አድሬናልን የሚያነቃቃ ሆርሞን እንደሚያመርቱ እናውቃለን። ሆርሞኑ ሲበዛ ኮርቲሶልም ይበዛል። ኩሺንግ በ1939 አረፉ።

ዛሬ ግን ይህ ችግር በአብዛኛው የሚመጣው ከእብጠት ሳይሆን እንደ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ ከመውሰድ ነው። ፊትዎ ከከበበ፣ ሆድዎ ወፍሮ እጅና እግርዎ ከቀጠነ፣ ቆዳዎ ላይ ሐምራዊ ሰንበር ከወጣ ለሐኪም ያሳዩ። ያለ ማዘዣ የገዙት መድኃኒት ካለም ሳይደብቁ ይንገሩ። ቢቸና የጀመሩትን መድኃኒት ሞጣ ላይ ለሌላ ሐኪም ሲያስረዱ ማሸጊያውን ይዘው ቢሄዱ ይረዳል።

ነገር ግን መድኃኒቱን በራስዎ በድንገት አያቁሙ። መድኃኒቱ ከውጭ ሲገባ ፒቱታሪ ትእዛዟን ትቀንሳለች፤ የእርስዎም አድሬናል እንደ ስሚዝ አይጦች ይኮሰምናል። በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ኮርቲሶል ያጣል። ከባድ ድካም፣ ትውከት ወይም ራስን መሳት ከተከተለ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ሲቀነስ ግን ዕጢዎቹ ወደ ሥራቸው ለመመለስ ጊዜ ያገኛሉ።