ዶክተር ክራፍና የእንግሊዝኛው ዓምድ

ዮሐን ሉድዊግ ክራፍ በታሪክ መጻሕፍት ስማቸው የሚነሣው በይበልጥ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1849 የኬንያን ተራራ በማየት ከአውሮፓውያን ቀዳሚው በመሆናቸው ነው። የቋንቋ መምህራን ግን ሊያስቧቸው የሚገባው በሌላ ሥራቸው ነው። ዛሬ በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ የሚነገረውን የኦሮሞ ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን አሰልፈው ካሳተሙት ቀደምት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ያውም እንግሊዝኛ የእናታቸው ቋንቋ ሳይሆን።

ክራፍ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1810 በደቡብ ጀርመን፣ በቱቢንገን አጠገብ በምትገኘው በዴረንዲንገን መንደር ሲሆን አባታቸው ገበሬ ነበሩ። በትምህርት ቤት የጥንቱን የአውሮፓ ቋንቋዎችና ዕብራይስጥን ተማሩ። በባዝል የወንጌል መልእክተኞች ትምህርት ቤት ከሠለጠኑ በኋላ ለለንደኑ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር በመቀጠራቸው እንግሊዝኛ የሥራ ቋንቋቸው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1837 መጨረሻ ምጽዋ ደረሱ። ከትግራይ ወዲያው ቢባረሩም በ1839 ከባልንጀራቸው ከኢዘንበርግ ጋር በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጠጊያ አገኙ።

በአንኮበር ያሳለፉት ሦስት ዓመት ገደማ ለሥራቸው መሠረት ሆነ። ከንጉሡ ጋር ወደ ኦሮሞ አገር በዘመቱ ጊዜ እንኳ ዓይናቸው ከጦሩ ይልቅ በቃሉ ላይ ነበር። የሰሙትን በላቲን ፊደል ይጽፋሉ፤ ትርጉሙን ይጠይቃሉ፤ ከዚያም በእንግሊዝኛ ይፈቱታል። የኦሮሞ ቋንቋ የሰዋስው መግቢያቸው በ1840፣ የቃላት መዝገባቸው በ1842 በለንደን ታተሙ። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበትና ሌሎች የሚጠሩበት ስም እንደሚለያይ በዚያው ዘመን ማስተዋላቸውም ይታወቃል። የእንግሊዙ ልዑክ ካፒቴን ሃሪስ በ1841 ከንጉሡ ጋር ሲዋዋል በመካከል ሆነው የረዱት እሳቸው ነበሩ። ከዚህ በኋላ የመልእክተኛውን ሥራ ከመንግሥት ሥራ ለይቶ የሚያይላቸው ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፤ ለዚህም ተጠያቂው ሌላ ሰው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1842 ከሸዋ ሲወጡ በወሎ ተዘረፉ፤ ተመልሰው ለመግባት ቢሞክሩም በሩ ተዘጋባቸው። በግብፅ ያገቧቸው ባለቤታቸው ሮዚና በጉዞ ላይ ሳሉ በሳሆ ምድረ በዳ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ሴት ልጅ ወለዱ። ሕፃኗ አልቆየችም። አባትየው ያወጡላት ስም «እንባ» ነበር። ይህን ያህል ቃላት የሰበሰቡት ሰው ለገዛ ልጃቸው የመረጡት ቃል አማርኛ መሆኑ ልብ ይነካል።

የሰሜኑ መንገድ ሲዘጋ ክራፍ ካርታውን ገለበጡት። የኦሮሞ ቋንቋ ከሸዋ እስከ ምድር ወገብ ድረስ የሚዘልቅ ነው ብለው ስላመኑ ከሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ተነሥተው በደቡብ በኩል ወደ ሕዝቡ ለመድረስ ቆረጡ። እ.ኤ.አ. በ1844 ሞምባሳ ገቡ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ሮዚና በወባ ሞቱ፤ የወለዷትም ሕፃን በጥቂት ቀን ልዩነት ተከተለቻቸው። ከሞምባሳ ማዶ በየብሱ ላይ ቀበሯቸው። ክራፍ ግን ወደ አውሮፓ አልተመለሱም፤ የስዋሂሊን ቋንቋ መማር ቀጠሉ። በ1850 በቱቢንገን ያሳተሙት መዝገብ በመጀመሪያው ዓምድ እንግሊዝኛን፣ በሚቀጥሉት ስድስት የምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋዎችን ይዟል፤ የመጨረሻው ኦሮምኛ ነው።

እዚህ ላይ ለመምህራን የሚሆን ነገር አለ። መዝገብ በእንግሊዝኛ ሲጀምር መለኪያውም እንግሊዝኛ ይሆናል፤ ዓምዱ ያልጠየቀው ነገር ሳይጻፍ ይቀራል። የከብት አርቢው የቦረና ልጅ ግን በልቡ የተለያየ ቃል ይዞ ነው ወደ ክፍል የሚመጣው። «ራዳ»ን ከ«ጅቢቻ»፣ ማለትም ጊደርን ከወይፈን ለይቶ ለሚያውቅ ልጅ «ሄፈር» የሚለው ብርቅ የእንግሊዝኛ ቃል ባዶ ድምፅ አይሆንበትም። ከተማ ያደገው ተማሪ ይህንኑ ቃል ሸምድዶ በማግሥቱ ይረሳዋል። ከፍ ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ እንዲህ አይገኝም፤ የፍርድ ቤትና የፍልስፍና ቃላት ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። ቢሆንም ክራፍ ራሳቸው በአንኮበር ቃሉን ከተናጋሪው አፍ ሰምተው ትርጉሙን ወደ እንግሊዝኛ ያመጡ እንጂ ከእንግሊዝኛው ዝርዝር የተነሡ አልነበሩም። በ1850ው ሥራ ይህን ቅደም ተከተል መለወጣቸው ለማነጻጸር ቢያመችም የቃሉን ሕይወት አሳጥቶታል።

ቦረና ምድር ግን አልደረሱም። ጤናቸው ተናግቶ በጀርመን ኮርንታል ተቀመጡ። በ1867 የናፒየርን ጦር በአስተርጓሚነት ተከትለው ቢመጡም በሕመም ምክንያት ሳይቆዩ ተመለሱ። በእርጅናቸው ዘመን የታሪክ ጸሐፊው ደብተራ ዘነብና ሩፎ የተባለው ከባርነት ነፃ የወጣ ኦሮሞ የደከሙበትን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለኅትመት አበቁ። ትርጉሙ በ1876 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና ሲታተም ፊደሉ ላቲን ሳይሆን ግዕዝ ነበር።

ክራፍ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 1881 በኮርንታል፣ በአልጋቸው አጠገብ ለጸሎት እንደተንበረከኩ ሞተው ተገኙ። ትልቁ የስዋሂሊና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላታቸው በለንደን ታትሞ የወጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው።