ላይብኒዝ፦ ፍርድን በስሌት ለማቅናት የሻ የሕግ ሊቅ

ጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒዝ በይበልጥ የሚታወቀው በሒሳብና በፍልስፍና ቢሆንም የሠለጠነበት ሙያ ሕግ ነበር። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1646 በጀርመን፣ በላይፕሲግ ከተማ ነው። የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበት፤ አባቱ በተወለት መጻሕፍት ራሱን እያስተማረ አድጎ በ14 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በ1665፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ በቅድመ ሁኔታ የተንጠለጠሉ መብቶችን በቁጥር ለመግለጽ ሞከረ። የሌለን መብት በ0፣ የተሟላን መብት በ1፣ ሁኔታው ገና ያልተፈጸመን መብት ደግሞ በመካከላቸው ባለ ክፍልፋይ ወከለ። ላይፕሲግ የዶክተርነት ማዕረግ ስለ ነፈገው ወደ አልትዶርፍ ተሻግሮ በ1667 ማዕረጉን ተቀበለ። የመመረቂያ ጽሑፉ ሕግ ግልጽ መልስ የማይሰጥባቸውን አዋኪ ክርክሮች ይመረምራል። እነዚህ ጉዳዮች በዕጣ ወይም በዳኛ የግል ፈቃድ ሊወሰኑ አይገባም፤ የተጻፈው ሕግ ዝም ሲል ዳኛው የተፈጥሮን ሕግ መርምሮ መፍረድ አለበት የሚል አቋም ያዘ።

ከዚያም በማይንትስ መስፍን ዘንድ ሕጎችን በሥርዓት የማዋቀር ሥራ ላይ ተሳተፈ። በ1673 አራቱን የሒሳብ ስሌቶች እንዲሠራ ያቀደውን መሣሪያ ለንደን በሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ አሳየ፤ ይሁንና መሣሪያው ቁጥርን ወደ ቀጣዩ ቤት በማሻገር ረገድ አስተማማኝ ሊሆን አልቻለም። ከ1676 ጀምሮ በሃኖቨር አገለገለ። ከግእዝና ከአማርኛ ተመራማሪው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ስለ ቋንቋዎች ይጻጻፍ የነበረ ሲሆን፣ በ1703 በ0 እና በ1 ብቻ ስለሚጻፍ የቁጥር ሥርዓት ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳብ ሁሉ በምልክት ከተጻፈ ተከራካሪዎች በሙግት ፈንታ በስሌት ይስማማሉ የሚለውን ውጥኑን ግን ሳይፈጽም በ1716 ዐረፈ።

ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያንን ውጥን የፈጸመ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መንገዳቸው ይለያያል። የላይብኒዝ ስሌት እያንዳንዱን እርምጃ ለምርመራ ክፍት የሚያደርግ ነበር። ከብዙ መረጃ የተማረ ሥርዓት በአንጻሩ ለውሳኔው ሊመረመር የሚችል ምክንያት ላያቀርብ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት የ2024 ሕግ ዳኞችን በፍሬ ነገርና በሕግ ትርጓሜ የሚያግዙ ሥርዓቶችን ከፍተኛ ሥጋት ካላቸው ወገን መድቦ የሰው ቁጥጥር እንዲኖርባቸው ያስገድዳል። ምክንያቱ የማይታወቅ ውሳኔ ለተረታው ወገን ከዕጣ አይሻልም፤ ይግባኝ የሚልበት ነጥብ አያገኝምና። ስለዚህ የወጣቱ ላይብኒዝ የመመረቂያ ጽሑፍ ከስሌት መሣሪያው ይልቅ ለዘመናችን የሕግ ጥናት ይቀርባል።